ለሃይስ ሚኒባስ ዓመቱን ሙሉ የሚሆን ጎማና ቸርኬ እንዴት ይመረጣል?

ጎማ ተራ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ስምና ዋጋ። "የጃፓን አለህ? ስንት ነው መጨረሻው?" ይላል። ስሙም ዋጋውም ይጠቅማሉ። ሚኒባስ ግን ሰውና ዕቃ ተሸክሞ የሚሮጥ መኪና ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት "ይህ ጎማ ስንት ኪሎ ይችላል?" የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የማይበቃ ጎማ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።

እዚህ የማወራው ስለ ቶዮታ ሃይስ ነው። በተለይ በፈረንጆቹ 2004 ስለወጣው፣ ብዙ ሰው አባዱላ ስለሚለው። ሌላ ዓይነት ቫን ያላችሁም አካሄዱን መከተል ትችላላችሁ። ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ መኪና ላይ ውሰዱ።

1. የመኪናውን ልክ ከመኪናው ላይ አንብቡ

የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበት ምሰሶ ላይ ተለጣፊ አለ። የጎማውን ልክ፣ የፊትና የኋላ ንፋሱን ይነግራችኋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነ ተለጣፊውን በቀኝ በኩል፣ አሁን ተሳፋሪ በሚገባበት የፊት በር ፈልጉት። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል። ንፋሱ በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 100 ኪሎ ፓስካል 14.5 ፒኤስአይ ነው ብላችሁ ቀይሩት።

ተለጣፊው ከተላጠ ወይም ቀለም ከተቀባበት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጉ። አሁን የገጠመውን ጎማ ብቻ አይታችሁ "ልኩ ይኸው ነው" አትበሉ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል።

2. ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ፍቱ

ለዚህ ሃይስ በብዛት የሚገጠመው 195 አር 15 ሲ ነው። ከጃፓን በመጣ መኪና ላይ 195/80 አር 15 ተብሎም ይገኛል። ቁመታቸው በጣም የተቀራረበ ነው።

195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። አር ማለት ራዲያል የሚባለው የጎማ አሠራር ነው። 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። 80 የሚለው የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ 80 በመቶ መሆኑን ያሳያል። ይህ ቁጥር ካልተጻፈ እንደዚህ ባሉ ጎማዎች ላይ ወደ 80 ገደማ ነው ተብሎ ይወሰዳል። መጨረሻ ላይ ያለችው ሲ ደግሞ ጎማው ለጭነት መኪና የተሠራ፣ ጎኑ የጠነከረ መሆኑን ትናገራለች። ይህችን ፊደል አትለፏት።

ከልኩ ቀጥሎ 106/104 ኤስ የሚመስል ጽሑፍ ታያላችሁ። አብዛኛው ሰው የማያነበው ይህንን ነው፤ ለሚኒባስ ትልቁ ቁም ነገር ያለውም እዚሁ ላይ ነው። 106 ማለት አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 104 ማለት ደግሞ 900 ኪሎ ነው፤ እሱ የሚሠራው ኋላ ላይ በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ተደርቦ ለሚገጠምላቸው መኪናዎች ነው። ሃይስ ኋላው ነጠላ ስለሆነ የምታዩት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ኤስ የፍጥነት ጣሪያውን ያሳያል፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር። ኤን ከሆነ 140፣ አር ከሆነ 170 ነው። ለሚኒባስ ሁሉም ይበቃሉ፤ እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

3. ሸክሙን አስሉ

አንድ የተለመደ ስህተት ልንገራችሁ። 195/65 አር 15 የሚባል የቤት መኪና ጎማ አለ። "195ም ነው፣ 15ም ነው፣ ይገባል" ተብሎ ሚኒባስ ላይ ይገጠማል። ቸርኬው ላይ በርግጥ ይገባል። ግን የዚህ ጎማ የክብደት ቁጥር በአብዛኛው 91 ነው፤ ይህም ማለት 615 ኪሎ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተደምረው 1,230 ኪሎ ይችላሉ። ትክክለኛው ጎማ ሲሆን ሁለቱ 1,900 ኪሎ ይችላሉ። ልዩነቱ 670 ኪሎ ነው፤ ከስድስት ኩንታል በላይ።

ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሻንጣና ጆንያ ተጭኖ፣ መተላለፊያው ላይ ትርፍ ሰው ተቀምጦ ሲሄድ የኋላው አክስል የሚሸከመው ቀላል አይደለም። አቅሙ ያነሰ ጎማ ወዲያው ላይፈነዳ ይችላል። ጎኑ እየተጨመቀ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ክርና ጎማ ቀስ በቀስ ይለያያል፣ ከዚያ አንድ ቀን በፍጥነት መንገድ ላይ ይፈነዳል። ሹፌሩ "ጥሩ ጎማ ነበር እኮ፣ ጥርሱም አላለቀም" ይላል። ጥርሱ ቢኖርም ሸክሙ የሱ አልነበረም።

እርግጠኛ ለመሆን የምትፈልጉ ከሆነ መኪናውን እንደምትሠሩበት ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ አስመዝኑ። የኋላውን ለሁለት አካፍሉ። የምትገዙት ጎማ ከዚያ ቁጥር በደንብ በልጦ መገኘት አለበት፤ ምክንያቱም መታጠፊያ ላይና ጉድጓድ ውስጥ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ይጥላል። በምንም መንገድ ግን ፋብሪካው ካዘዘው የክብደት ቁጥር አትውረዱ። መብለጥ ይቻላል፣ ማነስ አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። 950 ኪሎ የሚባለው ጎማው ሙሉ ንፋሱን ሲይዝ ነው። የጥንካሬ ደረጃው ስምንት ፒአር በሚባለው 195 አር 15 ሲ ላይ ይህ 450 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 65 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ንፋሱ ሲያንስ የሚችለውም ሸክም ያንሳል።

4. የጎማውን ዓይነት ከመንገዳችሁ ጋር አገናኙ

ለአብዛኛው የሀገራችን ሚኒባስ የሚሆነው ለሁሉም ወቅት ተብሎ የሚሠራው የጭነት ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ኤም ፕላስ ኤስ የሚል ምልክት አለው። ይህ ምልክት ጥርሱ ለጭቃና ለበረዶ ታስቦ መቀረጹን ያሳያል። ለእኛ የሚጠቅመን የጭቃው ነገር ነው። ጥርሱን ስታዩት መሀሉ ላይ ጎማውን ዙሪያውን የሚዞሩ ሦስት ወይም አራት ጥልቅ መስመሮች ሊኖሩት ይገባል። ውሃውን የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። ትከሻው ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የተከፈቱ ቅርጾች ይኑሩት፤ ጭቃና ኮረኮንች ላይ የሚይዙት እነዚያ ናቸው።

መስመር ብቻ ያለው፣ ትከሻው የተደፈነ ጎማ አስፋልት ላይ ጸጥ ያለና ዕድሜው ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ለሚመላለስ ይሆናል። ግን ሐምሌ ላይ ከዋናው መንገድ ወርዶ ዋልካ አፈር ውስጥ ለሚገባ አይሆንም። ዋልካ መስመሮቹን ይደፍናቸውና ጎማው ሙልጭ ይላል። በተቃራኒው ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የገጠር መንገድ ጎማ ጭቃውን ይችላል። ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ ርቆ ይቆማል። አብዛኛው መንገዳችሁ ጠጠርና አፈር ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

የዝናቡን ነገር ትንሽ ልግፋበት። ከበጋው ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተደባልቆ መንገዱን ያሟልጨዋል። ኮብልስቶንም ሲረጥብ ያው ነው። ስለዚህ አዲስ ጎማ ለመግዛት ካሰባችሁ ግንቦት ላይ ግዙ እንጂ "ክረምቱን በዚሁ ልግፋና መስከረም ላይ እቀይራለሁ" አትበሉ። ጎማው ማለቁን የሚያሳየው ጉብታ በመስመሮቹ ውስጥ አለ፤ ከፍታው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ እዚያ ከደረሰ ጎማው አልቋል። እኔ ግን ሰው የሚጭን መኪና ዝናብ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ መቀየር አለበት እላለሁ።

ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የሚመጣ የበረዶ ጎማ ደግሞ አለ። በተለይ ከጃፓን በመጣ ሃይስ ላይ ተገጥሞ ይገኛል። ጎኑ ላይ ስተድለስ፣ ስኖው፣ አይስ ወይም ዊንተር ተብሎ ተጽፎበታል። ጥርሱ በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ ነው፤ በጣት ስትጫኑት ይለሰልሳል። የተሠራው የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ በታች ለሆነ ቦታ ነው። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ላይም ይለመጣል። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙት።

አውሮፓ ሆናችሁ ቫን የምትነዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል። ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) በረዶና ግግር ያለበት መንገድ ላይ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻውን አይበቃም። ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ያስፈልጋል። ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ ስትገዙ ያንን ምልክት ፈልጉ።

5. ቸርኬውን መርምሩ

ቸርኬ ሲመረጥ ኢንቹ ብቻ አይበቃም። የዚህ ሃይስ ቸርኬ ስድስት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበት ክብ ዲያሜትር 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የመሀሉ ትልቅ ቀዳዳ 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፋብሪካው የብረት ቸርኬ በአብዛኛው 15 ኢንች፣ ስፋቱ 6 ኢንች፣ ገባ ያለበት ልክ (ኦፍሴት፣ ማለትም ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከወርዱ መሀል ያለው ርቀት) ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ነው።

ስድስት ቀዳዳ 139.7 የሆነ ቸርኬ ብዙ መኪና ላይ አለ። ለዚህ ነው "የፓጄሮው ይገባል፣ የፓትሮሉ ይገባል" የሚባለው። የብዙ ፓጄሮ መሀል ቀዳዳ 67 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሃይስን ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበትን መሀል) ጨርሶ አያስገባም። የፓትሮሉ 110 ነው፤ ይገባል፣ ግን ይላላል። መሀሉን የሚይዘው ስለሌለ ቡሎኖቹ ብቻ ይሸከሙታል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ስድስት ቀዳዳ ያለው የሃይሉክስ ቸርኬ በቀዳዳም በመሀልም ይገጥማል፤ ሆኖም ገባ ያለበት ልክ ሊለያይ ይችላል። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ይነካል።

የአልሙኒየም ቸርኬ ከገዛችሁ ለሚሸከመው ክብደት የተጻፈውን ቁጥር ከኋላው ፈልጉ። ካልተጻፈ ወይም ከጎማው ካነሰ ተዉት። ዳዶውንም ተመልከቱ። የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው። የቶዮታ አልሙኒየም ቸርኬ ዳዶ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ ያለው ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ካሰራችሁ ጠብቆ የነበረው ይላላል። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የብረት፣ የተቀሩት አልሙኒየም ከሆኑ ለስኮርታው የሚሆን ዳዶ መኪናው ውስጥ ይኑር።

የታጠፈ ቸርኬ ንፋስ ያስወጣል። አንዳንድ ጎሚስታ ከመነዳሪ አስገብቶ ይፈታዋል። ለአንድ ቀን ከመንገድ ለመውጣት ካልሆነ ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ይዞ መሥራት ጥሩ አይደለም። ይሞቃል፤ ሲቀደድም ንፋሱ በአንዴ ይወጣል። ቸርኬውን አስተካክሉ ወይም ቀይሩ።

6. ልክ መቀየር ከፈለጋችሁ ቁመቱን አስሉ

አሠራሩ ቀላል ነው። የጎማውን ስፋት በመቶኛው አባዙ፣ ውጤቱን በሁለት አባዙ፣ ከዚያ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ደምሩ። 195/80 አር 15 እንዲህ ሲሰላ ወደ 693 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አዲሱ ልክ ከዚህ ከ3 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም።

ለምሳሌ 225/70 አር 15 ሲ 696 ይመጣል። ቁመቱ ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የክብደት ቁጥሩ 112 የሆነውን ካገኛችሁ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። በዚያው 15 ኢንች ቸርኬ፣ ስፋቱ 6 ኢንች ከሆነ ይገባል። ጭነት ለሚበዛበት ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ግን 30 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ፣ መኪናውን ጭናችሁ፣ የሚነካ ነገር አለመኖሩን ሳታዩ አራቱንም አትግዙ።

205/70 አር 15 ሲ 668 ይመጣል። 3.6 በመቶ ያንሳል። መኪናው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እኔ ተዉት እላለሁ። ቀድሞ ያነሳነው የቤት መኪናው 195/65 አር 15 ደግሞ 634 ገደማ ነው። ከስምንት በመቶ በላይ ያንሳል፤ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው ወደ 92 ነው።

ወደ 16 ኢንች ለመውጣት 215/65 አር 16 ሲ፣ ወደ 17 ለመውጣት 215/60 አር 17 ሲ አሉ። ሁለቱም በብዛት 109/107 ናቸው፣ ቁመታቸውም ለዋናው ይቀርባል። ጃፓን ውስጥ ሃይስ የሚያስጌጡ ሰዎች በጣም ይወዷቸዋል። ሥራ ለሚሠራ መኪና ግን በእኛ መንገድ 15 ላይ ብትቆዩ ይሻላል። ምክንያቱም የ15ቱ ጎን ቁመት 156 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ17ቱ 129 ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬውን የሚያተርፈው ያ የጎን ቁመት ነው። ደግሞም ወልዲያ ወይም ጅማ ላይ ማታ ጎማ ቢፈነዳባችሁ 195 አር 15 ሲ አታጡም። 215/60 አር 17 ሲ ግን ላይገኝ ይችላል።

7. ሲገዙ የሚታዩ ነገሮች

ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2318 ከሆነ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ሻጩ "የ18 ነው፣ አዲስ ነው" ሲል በእኛ 2018 ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር ግን የ2010 ጎማ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት መጋዘን ወይም ፀሐይ ላይ ቆይቷል። አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ከሁለት ሦስት ዓመት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቀኑ አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማውን አገላብጡት።

ያገለገለ ከሆነ ውስጡን ሳታዩ አትግዙ። ውስጡ ላይ ጥቁር ዱቄት፣ የክብ ጭረት ወይም ቀለሙ የተለየ ቀለበት ካለ ንፋስ አንሶት የተነዳ ነው። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ክሩ ተበጥሷል። ጎኑ የተለጠፈ ጎማ ሚኒባስ ላይ አይገጠምም። መላጥ የጀመረ ጥርስ በቢላ ተቀርጾ አዲስ መስሎ ሊቀርብም ይችላል፤ የ1.6ቱ ጉብታ ከጠፋ ወይም መስመሩ ከሱ በታች ከወረደ ተቀርጿል ማለት ነው።

ሁለት ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ አዲሶቹን ኋላ ግጠሙ። ብዙ ሰው ፊት ያስገባል። ኋላው ዝናብ ላይ ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ ሹፌሩም በመሪ ሊመልሰው ይከብደዋል። በአንድ አክስል ላይ ሁለቱ ጎማዎች በልክም በዓይነትም አንድ ይሁኑ።

8. ገጥሞ መጨረስ

ባላንስ ይሠራ፣ አላይመንት ይታይ። ቫልቮላው አብሮ ይቀየር። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳይ። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጥበቁ። ጎሚስታው በአየር መፍቻው አጥብቆ ቢጨርስም መጨረሻውን በእጅ ቁልፍ አስጠብቁት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ።

ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በር ላይ በተጻፈው ልክ ሙሉ። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው፣ የዕለት ልክ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስትወርዱ ሙቀቱ ንፋሱን ከፍ ያደርገዋል፤ 50 ፒኤስአይ ገደማ በሆነ ጎማ ላይ ለ10 ዲግሪ ጭማሪ 2 ፒኤስአይ ያህል። በሌላ በኩል ከፍታው ሲቀንስ የውጭው አየር ይከብዳል፣ መለኪያው ላይ የሚነበበውም 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሳል። መንገድ ላይ "ሞቋል" ብላችሁ ንፋስ አትቀንሱ። የቀነሳችሁት ጎማ ማታ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል፣ ሲመለስ ዳገቱን የሚወጣው በዚያው ነው።

የዓባይ በረሃን ወይም ጣርማበርን ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትያዙ፤ ማርሽ ቀንሱ። የጋለው ፍሬን ሙቀቱን ወደ ቸርኬው፣ ቸርኬው ወደ ጎማው ያስተላልፋል።

ስኮርታውን በወር አንዴ ለኩት። ያው ልክ፣ ያው የክብደት ቁጥር ይሁን፤ ንፋሱም በኋላው ጎማ ልክ ይሞላ። ፊት ከገባ መቀነስ ይቻላል፣ መንገድ ዳር መሙላት ግን አይቻልም። ከታች ተንጠልጥሎ ስለሚጓዝ ማውረጃው በጭቃና በዝገት ይያዛል፤ ጎማውን ስትለኩ ማውረጃውንም አዙሩትና ግሪስ ቀቡት። ክሪኩንም ሞልቶ የተጫነ መኪና ሥር አንዴ ሞክሩት።